የወተት ላም እርባታና የጥሬ ገንዘብ እጥረት

በአዲስ አበባ ዙሪያ፥ በሱሉልታ፥ በሰበታ፥ በሆለታና በቢሾፍቱ በኩል ከሚገኙት የወተት ከብት አርቢዎች መካከል አያሌዎቹ፥ የካቲትና መጋቢት በደረሰ ጊዜ ከመንጋቸው አንዲት ወይም ሁለት ላም አውጥተው ይሸጣሉ። የሚሸጡት ያረጀችውን ወይም መሲናዋን ቢሆን ኖሮ ነገሩ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳዝን ባልሆነ ነበር። ነገር ግን ለገበያ የምትወጣው ብዙ ጊዜ ቶሎ ገንዘብ የምታመጣው፥ ይኸውም ደኅና የምትታለበው ወይም ለመውለድ ሁለት ወር ያህል የቀራት ላም ናት። ገዢውም የሻጩን ችግር ስለሚያውቅ ዋጋውን ሰብሮ ይወስዳታል። በግንቦት ወር ወተት ፈላጊው በበዛ ጊዜ ያው አርቢ የሚያልበው ላም አጥቶ ጎረቤቱ ሲሸጥ ይመለከታል።

እንዲህ ያለውን አርቢ ሥራው አክስሮት እንደ ሆነ ቢጠይቁት፥ አልከሰርኩም ብሎ ይመልሳል፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ዓመቱን ሙሉ ያስገባውና ያወጣው ቢደመር ትርፍ ይገኝበታል። የጎደለው ትርፍ አይደለም፤ የጎደለው መኖ በሚገዛበት ቀን በእጁ የሚገኝ ጥሬ ገንዘብ ነው። ነጋዴ የሆነ ሰው ይህን ልዩነት ከሱቁ ያውቀዋል። መደርደሪያው በዕቃ ተሞልቶ፥ ዱቤ የወሰዱ ደንበኞች ስም በመዝገብ ተደርድሮ፥ የቤት ኪራይ የሚከፈል ግን ሲታጣ ያየ ነጋዴ ጥቂት አይደለም። በከብት እርባታ ላይ ይኸው ነገር የሚከፋበት ምክንያት፥ ዕቃ በመደርደሪያ ላይ ያለ ወጪ ሲቀመጥ ላም ግን በየቀኑ መብላቷ ነው።

ነገሩን ከጊዜ አንጻር መመልከት ያስፈልጋል። ወተት በየቀኑ ማለዳና ማታ ይታለባል፥ በየቀኑም ይረከባል፤ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ የሚከፈለው በየ15 ቀኑ ወይም በየወሩ ነው። ፉርሽካና ፋጉሎ የሚሸጠው ነጋዴ ግን ገንዘቡን ወዲያው ይቀበላል። ስለዚህ አርቢው ሳያስበው ለወተት ተረካቢው አበዳሪ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው፤ ያውም ያለ ወለድ። በዚህ ላይ የድርቆሹ ወራት አለ። የሱሉልታ ሜዳ ሣር ታጭዶ የሚታሰረው ክረምቱ ከወጣ በኋላ በጥቅምትና በኅዳር ሲሆን ዋጋው ረከስ የሚለውም ያን ጊዜ ነው። የዓመቱን ድርቆሽ በዚያን ጊዜ መግዛት የሚችል አርቢ እስከ ግንቦት ድረስ እፎይ ይላል። የማይችለው ደግሞ እየቆነጠረ ሲገዛ ቆይቶ፥ ሜዳው ሁሉ ደርቆ ሻጩ ጥቂት በሆነበት በሚያዝያና በግንቦት እጅግ በናረ ዋጋ ይገዛል።

ቀጥሎም የጾሙ ነገር ይመጣል። ረቡዕና ዓርብ፥ የገና ጾም፥ ዐቢይ ጾም፥ የሰኔ ጾምና ፍልሰታ ሲደመሩ ምእመናን የእንስሳት ተዋጽኦ የማይቀምሱባቸው ቀኖች በዓመት ከ180 አያንሱም። ከነዚህ ሁሉ የወተትን ገበያ አብልጦ የሚጎዳው 55 ቀን ያለማቋረጥ የሚጾመው ዐቢይ ጾም ነው። ተረካቢው የሚወስደውን ይቀንሳል፥ ሆቴሎችና ወተት ቤቶች ውላቸውን ያጥፋሉ፤ ላሟ ግን የቀን መቁጠሪያ አታውቅም። እንግዲህ በየካቲትና በመጋቢት ላም ለገበያ የምትወጣው በድንገት በደረሰ መዓት ሳይሆን፥ በኅዳር ድርቆሽ ስላልተገዛና የጾሙ ወራት ሳይታሰብበት ስለ ደረሰ ነው። ጾሙ በየዓመቱ መግባቱ እየታወቀ በየዓመቱ እንግዳ መሆኑ የሚያስደንቅ ነው።

የነጹ የወተት ላሞች ወደ አገራችን በብዛት መግባት የጀመሩት ሩቅ በማይባል ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና የመልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት 300 ያህል የፍሪዝያንና የብራውን ስዊስ ላሞችን በስጦታ ሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ በዩኒሴፍ ረዳትነት በሾላ የወተት ማቀነባበሪያ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ስለ አመጋገቡም ስለ ሕክምናውም ብዙ ትምህርት ተሰጥቷል። የሒሳቡ ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ ለባለቤቱ ግምት የተተወ ይመስላል።

የገንዘብ ዋጋ በየጊዜው በሚለዋወጥበት ዘመን ለአርቢ የሚጠቅመው ቀላል ዘዴ፥ ወጪውን ሁሉ በብር ብቻ ሳይሆን በሊትር ወተት መቁጠር ነው። አንድ ኩንታል ፉርሽካ ስንት ሊትር ወተት ይጠይቃል? የአላቢው የወር ደመወዝ ስንት ሊትር ነው? ብሩ ቢረክስም ቢወደድም ይህ ሒሳብ የሥራውን ጤንነት ወዲያው ያሳያል። ፉርሽካው ከወተቱ ፈጥኖ የተወደደ እንደ ሆነ በመዝገቡ ላይ በግልጥ ይታያል፤ ባለቤቱም የወር መጨረሻ ሳይጠብቅ ይነቃል።

ለምሳሌ ያህል አሥር ላም ያለው አርቢ አለ እንበል። ከአሥሩ ስድስቱ ይታለባሉ፤ አራቱ ነጥፈዋል፥ ከነዚህም አንዳንዶቹ አርግዘዋል፥ አንዳንዶቹ ገና አልተጠቁም። የሚታለቡት እያንዳንዳቸው በቀን 12 ሊትር ቢሰጡ 72 ሊትር ይሆናል። ከዚህ ላይ ለጥጆችና ለቤት 7 ሊትር ቢወጣ ለሽያጭ 65 ሊትር ይቀራል። የምትታለብ ላም በቀን የምትበላው ወደ ወተት ሲመነዘር 5 ሊትር፥ የነጠፈችው ደግሞ 3 ሊትር ቢያወጣ፥ መኖ ብቻውን 42 ሊትር ይወስዳል። ለሠራተኛ 8 ሊትር፥ ለመድኃኒት፥ ለማጓጓዣና ለልዩ ልዩ ወጪ 5 ሊትር ቢታሰብ ድምሩ 55 ሊትር ነው። ለባለቤቱ የምትተርፈው በቀን 10 ሊትር፥ በወር 300 ሊትር ናት።

ይህችን 10 ሊትር ይዞ ወደ ጥሬ ገንዘቡ መመለስ ነው። ተረካቢው በየ15 ቀኑ የሚከፍል ከሆነ 975 ሊትር የሚያህል የወተት ዋጋ በሌላ ሰው እጅ ይከማቻል። አርቢው በበኩሉ ክፍያው እስኪደርስ ድረስ በቀን 55 ሊትር፥ በ15 ቀን 825 ሊትር የሚያህል ገንዘብ ማውጣት አለበት። ይህን ያህል መነሻ ሳይዝ የገባበት ሰው፥ ላሞቹ ምን ያህል ቢያልቡለት ሁልጊዜ እንደ ተበደረ ይኖራል። ሥራውን ለመጀመር የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ሁሉ ለላም መግዣ ከማዋል አንዲት ላም ቀንሶ ዋጋዋን ለዚህ ጉዳይ ቢያስቀምጥ ይሻለዋል። ይሁን እንጂ በጋጣ ውስጥ የቆመች ላም ለጎረቤት ትታያለች፥ በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ግን አይታይምና ይህን ምክር የሚቀበል ጥቂት ነው።

ከላይ በተመለከተው ሒሳብ ውስጥ ትርፉን ቀስ ብላ የምትበላው የነጠፈችና ያላረገዘች ላም ናት። ላም ኮርማ የምትፈልገው በየ21 ቀኑ ነው። ምልክቱ በሌሎች ላሞች ላይ መውጣት፥ ሲወጡባትም ዝም ብላ መቆም፥ መጮህና የወተት መቀነስ ሲሆን፥ የሚታየውም ለጥቂት ሰዓታት ብቻ፥ ብዙ ጊዜ በሌሊትና በማለዳ ነው። ጠባቂው ተኝቶ አንድ ጊዜ ያለፈው እንደ ሆነ ላሟ ተጨማሪ 21 ቀን በባዶ ትበላለች፤ በቀን 3 ሊትር ሲባል 63 ሊትር ነው። ይህም የመላው መንጋ ከስድስት ቀን በላይ ትርፍ መሆኑ ነው። ሦስት ጊዜ ካለፈ ወደ ሃያ ቀን የሚጠጋ ትርፍ ሄደ ማለት ነው፤ ዘግይታ በመውለዷ የሚቀረው ወተት ሳይቆጠር። ማለዳ የታየችውን በዚያው ቀን ማታ፥ ማታ የታየችውን በማግሥቱ ጧት ማዳቀል የተለመደው ደንብ ነው። የአዳቃዩ ባለሙያ የስልክ ቁጥር በጋጣው በር ላይ መጻፍ አለበት እንጂ በባለቤቱ ኪስ ውስጥ መቅረት የለበትም። ምልክቱን አይቶ ለሚናገር ጠባቂ፥ ላሟ ማርገዟ በተረጋገጠ ጊዜ ጥቂት ጉርሻ የሚሰጡ ጥበበኛ አርቢዎች አሉ፤ ጉርሻውም ከ63 ሊትር እጅግ ያነሰ ነው።

የጡት በሽታም ከዚሁ ተራ ይቆጠራል። አንዲት 12 ሊትር የምትሰጥ ላም ታማ በመድኃኒቱ ምክንያት ለስምንት ቀን ወተቷ ለሰው የማይሰጥ ቢሆን 96 ሊትር ጠፋ፤ የአሥር ቀን ትርፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ንጹሕ ውሃ፥ ለየላሟ የተለየ ጨርቅና የታጠበ እጅ ይህን ያህል ዋጋ አላቸው። መድኃኒት የተወጋችን ላም ወተት ደብቆ ማስረከብ ለጊዜው የሚያተርፍ የሚመስላቸው አሉ፤ ተረካቢው ባወቀ ቀን የሚጠፋው የስምንት ቀን ወተት ሳይሆን ደንበኛው ራሱ ነው።

ገንዘብ ሲያጥር ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚቀንሰው መኖን ነው። ይህ አሳብ በከፊል ትክክል፥ በከፊል ደግሞ እጅግ አደገኛ ነው። ገና የወለደችን ላም ፉርሽካና ፋጉሎ መከልከል የዚያን ቀን ወጪ ይቀንሳል፥ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የወረደ ወተት በኋላ ምን ቢያበሏት ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ሰውነቷም ከከሳ ኮርማ መፈለጓ ይዘገያል። መቀነስ የሚገባው በሌላ በኩል ነው። ብዙ ቤት ስምንት ሊትር የምትሰጠውና አሥራ ስምንት ሊትር የምትሰጠው ላም እኩል ይሰፈርላቸዋል። ለአንድ ሊትር ወተት ግማሽ ኪሎ ያህል ድብልቅ መኖ እየለኩ መስጠት የተለመደ መመሪያ ነው፤ በዚህ ደንብ ሲሠራ ከአንዷ የሚተርፈው ለሌላዋ ይበቃል። የሚለካውም በቆርቆሮ ግምት ሳይሆን አንድ ጊዜ በሚዛን በተረጋገጠ መስፈሪያ መሆን አለበት። የፍሪዝያን ወንድ ጥጃም እንገሩን ከጠጣና ከጠና በኋላ ለማደለብ ካልታሰበ ቶሎ ቢሸጥ በየቀኑ የሚጠጣው ወተት ይድናል።

ከመኖ ሁሉ ርካሹ ውሃ ሆኖ ሳለ በየጋጣው የሚታየው ንፉግነት የሚገርም ነው። የምትታለብ ላም ለእያንዳንዱ ሊትር ወተት ሦስትና አራት ሊትር ውሃ ትፈልጋለች፤ በቀን 60 ሊትርና ከዚያም በላይ ትጠጣለች። በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ወደ ወንዝ የምትነዳ ላም በፊቷ ገንዳ ከተሞላላት ጋር እኩል ልታልብ አትችልም። ገንዳ መሥራት የአንድ ጊዜ ወጪ ነው።

ድርቆሹን በሚመለከት ደግሞ የነጋዴ ዓይን ያስፈልጋል። ለአሥሩ ላሞች በቀን ለእያንዳንዳቸው 6 ኪሎ ድርቆሽ ቢታሰብ፥ ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ግንቦት መጨረሻ ላለው 210 ቀን 126 ኩንታል ያስፈልጋል። ድርቆሽ የሚሸጠው ግን በእስር ቁጥር እንጂ በክብደት አይደለም። አንዱ እስር 15 ኪሎ የሚመዝን ከሆነ 840 እስር ይበቃል፤ 12 ኪሎ ብቻ የሚመዝን ከሆነ 1,050 እስር ይፈለጋል። ልዩነቱ 210 እስር ነው፤ ዋጋው ግን ለአንዱ እስር ያው ነው። ከጭነቱ መካከል አሥር እስር መርጦ መመዘን የግማሽ ሰዓት ሥራ ሲሆን፥ ብዙ ሰው ግን ሻጩን ላለማስቀየም ሲል ይተወዋል። ሻጩ ሲያስር እንዳላፈረ ገዢው ሲመዝን ሊያፍር አይገባም።

ድርቆሽ ያልደረሰው ሰው ጭድና ገለባን በዩሪያ አክሞ ማሻሻል ይችላል። ለ100 ኪሎ ጭድ 4 ወይም 5 ኪሎ ዩሪያ በ80 ሊትር ያህል ውሃ በደንብ አሟሙቶ፥ ጭዱን በየንብርቡ እያራሱና እየረገጡ በጉድጓድ ውስጥ ከላስቲክ ጋር አፍኖ ለ21 ቀን ያህል ማቆየት ነው። ሲከፈት ሽታው እስኪወጣለት ማናፈስ ይገባል። ዩሪያ በቀጥታ ከተበላ መርዝ ስለሆነ መጠኑን በግምት ማድረግ አይቻልም፤ ለትናንሽ ጥጆችም ከቶ አይሰጥም።

የመውለጃውን ወራት መምረጥ ከሁሉ የበለጠ ጥቅም ያለው ነገር ነው፤ ለዚህም ገንዘብ አያስፈልግም፥ ማሰብ ብቻ ይበቃል። የላም እርግዝና 280 ቀን ያህል ነው። በሐምሌ አጋማሽ የተጠቃች ላም በሚያዝያ 20 ቀን አካባቢ ትወልዳለች። ከመውለዷ በፊት ለሁለት ወር መንጠፍ የሚገባት ስለሆነ፥ ዕረፍቷ የሚውለው ወተት ፈላጊ በሌለበት በዐቢይ ጾም ላይ ይሆናል፤ ወተቷ የሚበዛውም ከፋሲካ በኋላ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምባቸው ቀኖችና ከዚያ ቀጥሎ ነው። ነገር ግን ይህ ጊዜ መኖ እጅግ የሚወደድበት መሆኑን መርሳት አይገባም፤ ድርቆሽ ያላከማቸ ሰው በዚህ ምርጫ አይጠቀምም። በኅዳር መጨረሻ የተጠቃችው ደግሞ በመስከረም መግቢያ ወልዳ ለምለሙን ሣር ታገኛለች፥ ወጪዋም ያነሰ ነው፤ ሆኖም ወተቷ ገና ብዙ ሳለ የገና ጾም ኅዳር 15 ቀን ይገባባታል። እንግዲያስ መንጋውን ለሁለት ከፍሎ እኩሌታውን ለፋሲካ፥ እኩሌታውን ለመስከረም ማድረግ የተሻለ ሆኖ ይታያል። ላም ሁሉ ባሰቡት ወር አትጸንስም፤ ይሁን እንጂ ከአሥሩ ስድስቱ እንኳ እንደ አሳቡ ቢሄዱ የጾሙ ወራት ይቀላል።

በጾም ተረካቢው የማይወስደውን ወተት ወደ ቅቤ መለወጥ የጥንት ዘዴ ነው። የፍሪዝያን ወተት ቅባቱ ቀለል ያለ በመሆኑ አንድ ኪሎ ቅቤ ለማውጣት ከ20 እስከ 25 ሊትር ይጠይቃል። በቀን 25 ሊትር የተመለሰበት አርቢ በ55ቱ ቀን 55 ኪሎ ያህል ቅቤ ያከማቻል። አንዱ ኪሎ ቅቤ ብዙ ጊዜ የ25ቱን ሊትር ዋጋ አያወጣም፤ አሬራውና ዐይቡ ሲጨመርበት ግን ጉዳቱ ይቃለላል። ከዚህም በላይ ገንዘቡ ተጠራቅሞ በፋሲካ ዋዜማ ቅቤ በተወደደ ጊዜ በአንድነት ይገኛል። ስለዚህ ቅቤውን በጾሙ መካከል ከመሸጥ መታገሥ ይበጃል፤ ለመታገሥ ግን የጾሙ ወራት የመኖ ገንዘብ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

ይህስ ከየት ይመጣል ቢባል፥ ሦስት አራት መንገድ አለ። አንደኛው ዕቁብ ነው። ነጋዴዎችና አርቢዎች በአንድነት በሚጥሉት ዕቁብ ውስጥ ዕጣውን በኅዳር ለመውሰድ ቀድሞ መስማማት፥ ወይም ዕጣው የደረሰውን ሰው ለምኖ መለዋወጥ የተለመደ ነው፤ ያን ገንዘብ ለድርቆሽ እንጂ ለድግስ አለማዋል የባለቤቱ ፈንታ ነው። ሁለተኛው ብድር ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሚንቀሳቀስ ንብረት የዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 ቤትና ቦታ የሌለው ሰው በሚንቀሳቀስ ንብረቱ፥ በከብቱም ጭምር፥ ዋስትና ሰጥቶ እንዲበደር በር ከፍቷል። ብድሩ በኅዳር ድርቆሽ ለመግዛት የተወሰደ እንደ ሆነ ወለዱ ከዋጋው ንረት አንጻር ተመዝኖ ሊያዋጣ ይችላል። በመጋቢት የዕለት ፉርሽካ ለመግዛት የተወሰደ ብድር ግን ዕዳን በዕዳ መድፈን ነው።

ሦስተኛው ከተረካቢው ጋር ውልን ማስተካከል ሲሆን የዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች ሁሉ በዚህ ላይ ድርሻ አላቸው። በየ15 ቀኑ ይከፍል የነበረ ተረካቢ በየሳምንቱ ቢከፍል፥ ከላይ የተጠቀሰው አርቢ በውጭ የሚቀርበት 975 ሊትር ወደ 455 ሊትር ይወርዳል፤ ለዚህ ሲል በሊትር ጥቂት ሳንቲም ቢቀንስ እንኳ አይጎዳም። ተረካቢውም ቢሆን በጾም ጊዜ ላሞቻቸውን ከሸጡ አርቢዎች በግንቦት ወተት ሊያገኝ አይችልም። በቢሾፍቱ አካባቢ የተቋቋመው የአድአ የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር ወተት ከመሰብሰብ ጋር ለአባሎቹ መኖ የማቅረብን አገልግሎት አጣምሮ ይዞ ሠርቷል፤ መኖው ከወተቱ ጋር በአንድ መዝገብ ሲያዝ አርቢው ጥሬ ገንዘብ ፍለጋ አይባዝንም። የፉርሽካ ነጋዴና የወተት ተረካቢ ተነጋግረው በሦስትዮሽ ደረሰኝ ቢሠሩ የሚከለክላቸው ነገር የለም፤ ይኸውም ነጋዴው ፉርሽካውን ለአርቢው ያስረክባል፥ ተረካቢው የወተቱን ዋጋ በሚከፍልበት ቀን የፉርሽካውን ዋጋ ቀንሶ ለነጋዴው ያደርሳል፥ ቀሪውን ለአርቢው ይሰጣል። ደረሰኙ በሦስት ቅጂ ሆኖ፥ የኩንታሉ ብዛት፥ ዋጋው፥ የሚከፈልበት ቀንና ተረካቢው ወተቱን በጾም ምክንያት ሲቀንስ ዕዳው ወደ የትኛው ወር እንደሚተላለፍ በግልጥ ሊጻፍበት ያስፈልጋል። ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሳይጻፍ የተፈረመ ደረሰኝ በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ጠብ ያስነሣል።